የጄሪካን ለቅሶ

የራሴን ቤት ለቅሶ የሰማሁት ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ነው።

የበሶ ገብሴን ቆልቼ፣ አብርጄ፣ በጆንያ አሸክሜ መጥቻለሁ። ፊቴ ዱቄት ለብሷል። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ከታች በኩል እየነፋ ሲመጣ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ብዙ ጊዜ ጡሩምባ የሚነፋው ማለዳ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሆን ያስደነግጣል። ማን ይሆን ምስኪን ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ሰውየው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆም አለና የለቅሶውን ቤት ተናገረ። ከመስጊዱ ጀርባ፣ በሶ ሻጯ ቤት። አጠገቤ የነበረችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ። በሶ ሻጯ እኔ ነኝ።

ቤት ውስጥ ትቼ የወጣሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእህቴን ልጅ። ጆንያዬን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ወፍጮው እንደጮኸ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ነገር የለም።

ለምን እንዲያ እንደሮጥኩ እንዲገባችሁ ልጅቷ እንዴት እኔ ቤት እንደመጣች ላውራችሁ። የቀረው እንዲገባችሁ ማድረጉን ግን እንጃ፤ እኔም ራሴ እስከ ዛሬ አንዱ ሲገባኝ አንዱ ይጠፋኛል።

እህቴ የምትኖረው ሳጉሬ ነው። ባሏ ቀድሞ ስላረፈ ሁለት ልጆቿን ይዛ ነው የኖረችው። ታላቁ ከሳጉሬ አሰላ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ታናሿ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ለብሔራዊ ፈተና ከጓደኞቿ ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወሰደች። በገባች ማግስት ወንድሟ መንገድ ላይ ተገለበጠ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ግቢው ውስጥ ስልክ አይገባም። ሽማግሌዎች ተቀመጡና መከሩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቷ ነው፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ መርዶው ሲመለስ ይነገራታል ተባለ። እህቴም እሺ አለች። ይሄ በኛ ዘንድ ጭካኔ አይደለም። መርዶ ወግ አለው። ሰው ብቻውን ሳለ፣ መንገድ ላይ ሳለ፣ የሚይዘው ዘመድ ሳይኖር አይነገረውም። በሰው ግቢ ብትወድቅ ማን ያነሳታል ተብሎ ነው።

ልጁን ቀበርነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ፈረሰ። ከዚያ የወንድሟ ጓደኛ፣ እሱም ሾፌር ነው፣ ሄዶ ይዟት መጣ። ወደ ቤቷ ሳይሆን ዘመድ ቤት አሳደሯት፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው ነገሯት። ሁሉም እስክትጮህ ይጠብቃል። ሴቶቹ ሊይዟት ክንዳቸውን አዘጋጅተው ቆመዋል። እሷ ግን አቀርቅራ ጫማዋን አየች። ሌላ ምንም አላደረገችም። የተዘረጋ ክንድ ሁሉ ባዶውን ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ "አዎ"ና "አይ" ብቻ ቀሩ። ኋላ እነሱም ቀሩ። እህቴ ጸበል ወሰደቻት፤ ተጠምቃ እንደሄደችው ተመለሰች። የባሰው ደግሞ እናቷ ወደ ክፍሉ በገባች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯ ነው። እህቴ ይሄን አልቻለችም። አንድ ቀን ከነሻንጣዋ አሰላ እኔ ቤት አመጣችልኝና፣ ቦታ ትለውጥ፣ አንቺ ወሬ አታጪም፣ ታጫውቻታለሽ አለችኝ።

ወሬስ አላጣም። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ሰው አስተምሮኝ አይደለም፤ የገዛ ልጆቼን መጽሐፍ ከአልጋ ሥር እየጎተትኩ ነው። ወሬ ግን ከእናቴ ሆድ ይዤው የመጣሁት ነው። እንደ ሬዲዮ ሳወራላት እውላለሁ። ስለ ገብስ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጭላሎ ብርድ፣ ስላላገባሁት ሰውዬ። እሷ ገብስ ትለቅማለች። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ክኒን ታዘዘላት። እዚያ የሚሠራ አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ አለ፤ ቆብ የሚያደርግ፣ ሲያዩት እሱ ራሱ ታካሚ የሚመስል ወጣት። ብቻዋን ብዙ እንዳልተዋት፣ ዓይኔን ከሷ እንዳልነቅል ነገረኝ። አነጋገሩ ለስላሳ ነው፤ እኔ ግን የፈራውን ነገር ከዓይኑ አነበብኩት። ከዚያ ደግሞ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቶችን ሰብስበን ሂፕ ሆፕ እንሠራለን፣ ይዘዋት ይምጡ አለኝ።

"ሂፕ ሆፕ ያልከው ያ ሱሪያቸው የሚወርደው ልጆች የሚሰዳደቡበትን ነው?" አልኩት።

"እሱን ራሱን ነው፣ እናቴ" አለኝ። "ሱሪው ግን ግዴታ አይደለም።"

እየሳቀ አስረዳኝ። አንዳንዱ ሰው ቁጭ በልና ያመመህን ተናገር ሲሉት ቃሉ አይመጣለትም፤ ምት ሲያገኝ ግን ምቱን ተከትሎ ይወጣል። ሌሎቹ ደግሞ ይሰማሉ፣ ይቀበላሉ። ክኒኑም አይቀር፣ ጸበሉም አይቀር፣ ይሄን ጨምሩበት አለ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ገብቶኝ አይደለም። እሱ ሲያናግራት ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስላላዞረች ነው።

አዳራሹ ውስጥ ኋላ ተቀመጥኩ። ስልክ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተገናኝቶ ዱም ዱም ይላል። ልጆቹ ተራ በተራ ተነስተው፣ እንደ ገበያ ጨረታ በፍጥነት፣ ግን ቤት እየደፉ ይናገራሉ። አንዱ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ ሌላው በአማርኛ ጀምሮ ሆዱ ሲባባ ወደ ኦሮምኛ ይገባል። አንዱ ሲጨርስ የቀሩት ደረታቸውን ሁለቴ ይመታሉ፤ ሰምተንሃል ማለት ነው። ከጢቾ የመጣ ልጅ የተናገረውን ስሰማ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ። ምን እንዳለ አልጽፍም፤ እዚያ የተባለ ከዚያ እንዳይወጣ አስምለውኛል። ወሬ ኑሮዋ ለሆነ ሴት ከዚህ የከፋ መሐላ የለም። ግን ግራ ገባኝ። እኛ ያደግነው የቤት ገመና ከደጃፍ አይውጣ ተብለን ነው፤ እነዚህ ልጆች በማይክራፎን ያወጡታል፣ አውጥተውም ተቃቅፈው ሻይ ይጠጣሉ። ይሄ ሕመሙ ነው ወይስ መድኃኒቱ? ነርሱን ብጠይቀው፣ እኔም አንዳንዴ ይምታታብኛል አለኝ። ይሄን በማለቱ አመንኩት።

የኛ ልጅ ቅዳሜ አልፎ ቅዳሜ ሲመጣ ትንፍሽ አላለችም። አንድ ቀን ድምፅ ማጉያው ተበላሸና፣ ጥግ ላይ የነበረውን ቢጫ የውሃ ጄሪካን ጎትታ በእግሮቿ መካከል አድርጋ ምቱን በእጇ ያዘችላቸው። ከዚያ ወዲያ ያገኘችውን ሁሉ መምታት ሆነ። ወንፊቱን ትመታለች፣ የበሶ ቆርቆሮውን ትመታለች፣ የኔን የዘይት ጄሪካን ጓሮ ወስዳ ትመታለች። እህቴ ደውላ ልጄ ተናገረች ወይ አለችኝ።

"አልተናገረችም። ትመታለች።"

"ማንን?"

"ጄሪካን።"

የባሰ አታምጣ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እንግዲህ ያን ቀን ከወፍጮ ቤት ስሮጥ ይሄ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነበር። ስወጣ ደህና ነበረች። ከአጥር ወዲያ ያሉት ሰፈሩ ሁሉ እናት ለማለት "አዮ" የሚላቸው አሮጊት ጎረቤቴ፣ እኔ አለሁ፣ ጆሮዬ እሷ ጋ ነው ብለው ሸኝተውኛል። አሁን ደግሞ ጡሩምባ ይነፋል። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።

ግቢዬ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ቋሚ በትከሻቸው፣ አግዳሚ ወንበሩን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ቆመዋል። ሁሉም ያለቅሳል፤ ግን ድምፁን አፍኖ ነው የሚያለቅሰው፤ ፊቱንም ያዞረው ወደ ጓሮ ነው። ሰውን እየገፋሁ አለፍኩ።

ልጅቷ ጓሮ፣ የተሰጣው ገብስ ፊት፣ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ ተቀምጣለች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች። ምቱን ከስልኳ ትሰማለች፣ ጄሪካኑን ትመታለች፣ ትናገራለች። ያ ሁሉ ሰው ከኋላዋ እንደቆመ አታውቅም። ድምፅዋን መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ረስቼው ነበር።

ፈተና ላይ ነበርኩ፣ ስልክ አልያዝኩም እኔ፤
መልስ ሳጠቁር ዋልኩ፣ አፈር ሲለብስ ወገኔ።
አገር ሁሉ ሰምቶ፣ ተራው እኔ ጋ ሲደርስ፣
እንባው አልቆ ነበር፣ ድንኳኑም ሲፈርስ።

ጎረቤቴ አዮ ክንዴን ያዙኝና በጆሮዬ ነገሩኝ። በአጥሩ በኩል ሰሙ፤ ድም ድም ይላል፣ ቀጥሎ ወገኔ፣ አፈር፣ ድንኳን የሚል ሙሾ። ይህች ልጅ አፍ አውጥታ ሙሾ ካወረደች ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቷል አሉ። ሳይገቡ፣ ሳያዩ፣ ቀጥ ብለው ጡሩምባ ነፊው ጋ ሄዱ። እኔ ምን ላድርግ፣ ለቅሶ ነው የሰማሁት አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ቆሜ ስሰማው ለቅሶ ነው።

ከዚያ ልጅቷ "ያን ቀን ሲሸኙት" አለችና ዝም አለች። እጇ ግን አልቆመም፤ ቃል የሌለበት ምት ብቻ ጄሪካኑ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። የረሳች መሰለኝ።

አንድ ሰው አግዳሚ ሲያወርድ ጓ አለና መሬቱ ነዘረ። ልጅቷ ዞረች። ያን ሁሉ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ያን ሁሉ እንጨት የተሸከመ ወንድ አየች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። አሁን አንድ ሰው ከሳቀ፣ አንድ ሰው ከተቆጣ፣ ይሄ አፍ ዳግመኛ ላይከፈት ይዘጋል ብዬ ፈራሁ።

የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ወደኔ ዞረው ማን ነው የሞተው አሉ። ማንም አልሞተም ልል አፌን ከፈትኩ። ደግሞ እሱስ እውነት ነው? መልሼ ዘጋሁት።

"ወንድሜ" አለች ልጅቷ።

"መቼ?"

"እኔ በሌለሁበት።"

ወንዶቹ ተያዩ። የሳጉሬው ለቅሶ በሳጉሬ እድር ተለቅሶ አልቋል፤ እዚህ ደግሞ ጡሩምባ ተነፍቷል። አንዱ ቋሚውን እንደተሸከመ፣ ታዲያ መልሰን እንሸከመው ወይስ እንትከለው ብሎ አጉረመረመ። ሌላው በመተዳደሪያ ደንባችን ለአንድ ሰው ሁለት ድንኳን የለም አለ። ቋሚ የተሸከመው ደግሞ እኛ ስንተክል ገና የመጀመሪያችን ነው አለ። እንዲህ እየተባባሉ ሳለ አዮ ሻሻቸውን አጠበቁና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ጀባዱ፣ ኢንተሎ ኮ" አሏት፤ በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞሩ። "ጡሩምባ ተነፍቶ የመጣ ሰው ቆሞ አይመለስም። ነውር ነው።"

ሴቶቹ ተከትለው ተቀመጡ። ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ድንኳን ደንቡ አይፈቅድም፣ ስለ አግዳሚ ግን ደንቡ ያለው ነገር የለም፣ አውርዱ አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ሆነና ግቢዬ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። ልጅቷን ድገሚው አሏት። ያለ ማዳመጫ፣ በጄሪካኑ ብቻ ደገመችው። ሴቶቹ ሙሾ መቀበል ማንም አያስተምራቸውም፤ ቤት በደፋች ቁጥር ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ የሚያደርጉትን ነው። ይሄን ሳይ ግራ መጋባቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ነርሱ ያመጣው አዲሱ ነገር የኛው አሮጌ ነገር ኖሯል? ወይስ ሁለቱ የተለያዩ ሆነው እኔ ነኝ ያቀላቀልኳቸው? ያ ቃል የሌለበት ቦታ ሲደርስ ግን ሴቶቹም የሚቀበሉት አጥተው ጠበቁ። ጄሪካኑ ብቻውን ሄደ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። ከመጡት ሰዎች አንዱ፣ ክፋት አስቦ አይደለም፣ ሳጉሬ ለእህቴ ደውሎላት ኖሯል። ያላትም፣ "እህትሽን ትንሽ አሟታልና ብቅ በይ" ነው። በኛ አገር "ትንሽ አሟታል" ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የማያውቅ የለም። እህቴ እኔን አላሰበችም። ከኔ ቤት መርዶ ከመጣ የታየቻት ልጇ ብቻ ናት።

ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመ። እህቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጸጉሯን ፈታ፣ አንድ እግር ጫማዋን የት እንደጣለችው ሳታውቅ ገባች። አግዳሚውን አየች፣ ለቀስተኛውን አየች። ከዚያ መሀል ላይ የተቀመጠችውን ልጇን አየች። ቆመች።

"አለሽ?" አለች።

"አለሁ።"

እህቴ እዚያው ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ልጅቷ ጄሪካኑን ገፍታ ሄደችና አጠገቧ ተንበረከከች። ከመርዶው ጧት ወዲህ ፊቷን ወደ እናቷ ስታዞር ያየሁት ያኔ ነው። እህቴ እጇን፣ ፊቷን፣ ጸጉሯን ትዳስሳለች፤ እንደ ዕውር። ከዚያ ንዴቱ መጣ። እኔን ምን አደረግሽኝ አለችኝ፣ አዮን ምን አደረጉኝ አለቻቸው። ከሳጉሬ ጀምሮ እስከዚህ ሾፌሩን ማን ነው የሞተው፣ ልጄ ናት ወይ እያለች ለመነችው፤ አንገቱን ደፍቶ ነዳ እንጂ መልስ አልሰጣትም። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ ያ የሟቹ ጓደኛ ነው፣ ልጅቷን ከፈተና ያመጣት።

"እኔንም ዝም ነበር ያለኝ" አለች ልጅቷ። "መንገዱን ሙሉ ወንድሜስ አልኩት። ዝም አለኝ።"

ሾፌሩ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ወደ አጥሩ ዞረ። እህቴ ልጇን አየቻት። ምን እንዳሰበች አላውቅም። ይቅር በይኝም አላለችም፤ እኔ እንድትል እየጠበቅሁ ነበር። ያለችው ሌላ ነው። የቀብሩን ቀን ጀመረች። ማንም አልጠየቃትም፤ ጀመረች።

ዝናብ ነበር አለች። የሚኒባስ ሾፌሮች ሁሉ ከመናኸሪያው ጀምሮ ተሰልፈው፣ በቀን፣ መብራታቸውን አብርተው ሸኙት። ክላክስ ያሰማ አንድም አልነበረም። የተቀበረው ከአባትሽ ጎን ነው። ያቺን አንቺ የሠራሽለትን የሱፍ ኮፍያ ከነልብሱ ሊያስገቧት ሲሉ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው፣ ቤት አለች፣ ታጥባ ተቀምጣለች አለች። ልጅቷ ዓይኗን ከእናቷ አፍ ሳትነቅል ትሰማለች። እህቴ ስትጨርስ ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀች። ከፊት የነበረው ሚኒባስ የሱ ነው ወይ አለች። የሱማ ተሰብሮ ነበር አለች እናቷ፤ የጓደኛው ነው የመራው። ያኔ ነው ልጅቷ ያለቀሰችው። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሱ፤ አዮ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጧቸው። እናቷ ነበረች የያዘቻት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እህቴም አዳራሽ መጣች። ከኔ ጋር ኋላ ተቀምጣ፣ የሚያወሩት ሁሉ ቶሎ ቶሎ ስለሆነባት፣ ማን ነው የሚያባርራቸው አለችኝ። ልጅቷ ተራዋ ሲደርስ ጄሪካኗን ይዛ ተነሳች። "ያን ቀን ሲሸኙት" አለች። ቃል የሌለበት ቦታ መጣ ብዬ ስጠብቅ ቀጠለች፤ ይሄን እንድጽፍ ራሷ ፈቅዳልኛለች።

ሚኒባሱ ሁሉ መብራቱን አብርቶ፣
በቀን ሸኘው አሉ፣ ክላክሱን ትቶ።

ረስታው እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። የማታውቀውን ነበር በባዶ ምት ይዛ የቆየችው። ልጆቹ ደረታቸውን ሁለቴ መቱ። እህቴ እጇን አነሳች፣ ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ሳትመታ መልሳ ጭኗ ላይ አደረገችው። ይሄ ነው እንግዲህ መድኃኒቱ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው።

አሁንም አላውቅም። ልጅቷ ትናገራለች፣ አንዳንዴም እኔን ዝም በይ እስከማለት ደርሳለች። ክኒኗን ትወስዳለች። ያቺን ኮፍያ እናቷ አምጥታላት ታደርጋለች። ደግሞም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትውልበት ቀን አለ፤ ያኔ እንደ ቀድሞው ስለ ገብስና ስለ ጎረቤት እያወራሁላት እውላለሁ። ዳነች ወይ ሲሉኝ ምን እንደምል ይጠፋኛል። አልዳነችም ወይ ሲሉኝም እንደዚያው።

ያን ቀን ወንዶቹ ሲሄዱ አንዱን አግዳሚ ጓሮ ረስተውት ሄዱ። ልጅቷ ጄሪካኗን ይዛ እሱ ላይ ነው የምትቀመጠው። በቀደም የእድራችን ዳኛ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ ዙሪያውን ካማተሩ በኋላ ቀስ ብለው፣ ያ ለቅሶ አለቀ ወይ፣ አግዳሚውን ልጆች ልኬ ላስመጣው ወይ አሉኝ። ልጠይቃት ብያቸው ወደ ቤት ገባሁ። ጓሮ ገብስ እየለቀመች ነበር።

"አግዳሚውን ሊወስዱት ነው" አልኳት። "ምን ልበላቸው?"

እጇን በአግዳሚው ጫፍ ላይ ጣል አድርጋ ጥቂት አሰበች።

"ትንሽ ይቆይ በያቸው፣ አክስትዬ" አለችኝ።